የአባት ካልኩሌተርና አዲሱ ቦርድ፦ ምኑ ይቆይ፣ ምኑ ይቅር?

ጥያቄ፦ «አባቴ በሙያቸው ቀያሽ ነበሩ። ለብዙ ዓመት የሠሩበትን ኤችፒ-41ሲቪ ካልኩሌተር፣ ራሳቸው የጻፏቸውን ፕሮግራሞች፣ ካልኩሌተሩ ላይ የሚሰኩትን ሁለት ሞጁሎች (ተጨማሪ ፕሮግራም የያዙ ትንንሽ ሣጥኖች)፣ የቅየሳውንና ኤክስቴንድድ ፋንክሽንስ የሚባለውን፣ ትተውልኛል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በትርፍ ጊዜያችን የራሳችንን ካልኩሌተር ለመሥራት ቦርድ መሳል ጀምረናል። እኔ አሮጌዎቹ ሞጁሎች የሚሰኩበት፣ ከ41 ጋር ሙሉ በሙሉ ኮምፓቲብል (ተስማሚ) እንዲሆን እፈልጋለሁ። የዛሬ ቺፕ ፈጣን ስለሆነ አይከብደውም ብዬ አስባለሁ። ጓደኞቼ ግን ‹ያለፈውን እርሳው፣ አንድ ቺፕና አንድ ስክሪን ይበቃል› ይላሉ። የማንኛችን ሐሳብ ያዋጣል?»

መልስ፦ የሞጁል መሰኪያውን ይተዉት። የአባትዎ ፕሮግራሞች፣ የስታኩ (ለስሌት የገቡ ቁጥሮች ተደራርበው የሚቀመጡበት ቦታ) ጠባይና የ41 የቁጥር አያያዝ ግን ሳይሸራረፉ ወደ አዲሱ ካልኩሌተር መግባት አለባቸው። ጓደኞችዎ ስለ መሰኪያው ልክ ናቸው። «ያለፈውን እርሳው» ያሉት ግን ለቀያሽ ሥራ አደገኛ ነው፤ ከታች በአንድ ማዕዘን አሳያለሁ።

በመጀመሪያ «ሙሉ በሙሉ ኮምፓቲብል» የሚባል አንድ ወጥ ነገር እንደሌለ ይታወቅ። በ41 ላይ ቢያንስ አራት ደረጃዎች አሉ። ከሥር ኤሌክትሪኩ ነው፤ ሞጁል፣ ካርድ አንባቢና ፕሪንተር የሚሰኩባቸው አራት መሰኪያዎችና ከኋላቸው ያለው የምልክት መስመር። ቀጥሎ ማይክሮኮዱ ይመጣል፤ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ የሚያነበው፣ በሮም ቺፕ ታትሞ የወጣው የፋብሪካው ትእዛዝ። ከእሱ በላይ ተጠቃሚው በቁልፎቹ የሚጽፈው የፕሮግራም ቋንቋ አለ። የመጨረሻው ውጤቱ ራሱ ነው፤ ቁጥሩ ስንት አሃዝ ይይዛል፣ እንዴት ይጠጋጋል፣ ስታኩ ሲወርድ ምን ይሆናል። አንዱን ደረጃ ለማቆየት ሌሎቹን ሁሉ መሸከም ግዴታ አይደለም። የአባትዎ ድካም ያለው በላይኞቹ ሁለት ደረጃዎች ላይ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ደግሞ የታችኛው ነው።

ስለ ፍጥነት ያሰቡት ልክ ነው፤ ችግሩ ግን እዚያ አይደለም። በ1979 የወጣው 41 ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር፣ «ነት» የሚባለው፣ በ360 ኪሎኸርትዝ ገደማ ይሠራል፤ ቢቶቹንም በአንድ መስመር ተራ በተራ ነው የሚያስተላልፈው። ሪጅስተሩ (ቁጥር የሚይዝበት ቦታ) 56 ቢት ስለሆነ አንድ ዙር 56 ምት ይፈጃል፤ ይህ ወደ 155 ማይክሮሰከንድ ነው። በሰከንድ ከ6500 ያነሰ ዙር ማለት ነው። ይህን በሶፍትዌር አስመስሎ ማሠራት ለማንኛውም ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር ቀላል ነው። የሚከብደው ከእውነተኛው ሞጁል ጋር መነጋገር ነው።

በእያንዳንዱ ዙር ፕሮሰሰሩ 16 ቢት አድራሻ ይልካል፤ ሞጁሉም በዚያው ዙር፣ በዚያችው መስመር፣ 10 ቢት ትእዛዝ ይመልሳል። ሁለት የሰዓት ምቶች፣ አንድ የማመሳሰያ ምልክትና አንድ የመቀስቀሻ መስመር አብረው ይሄዳሉ። ቦርድዎ በአንድ ምት ቢዘገይ ከሞጁሉ የሚያነበው በአንድ ቢት የተንሸራተተ ትእዛዝ ይሆናል። ካልኩሌተሩ ይህን እንደ ስህተት አያየውም፤ ሌላ ትእዛዝ የመጣ መስሎት ይፈጽመዋል። እንዲህ ያለውን ብልሽት አሳዶ ለመያዝ ሎጂክ አናላይዘር (በመስመሮቹ የሚያልፈውን ምልክት የሚያሳይ መሣሪያ)ና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ቮልቴጁ ሌላ ጣጣ ነው። 41 አራት ኤን የሚባለው መጠን የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ቺፖቹም በ6 ቮልት አካባቢ ነው የሚሠሩት። እናንተ የምትመርጡት ቺፕ በ3.3 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ይሠራል። ስለዚህ በየመስመሩ የቮልቴጅ ማሸጋገሪያ፣ ለሞጁሉም የራሱ የኃይል ምንጭ ሊኖር ነው። አሮጌው ማሽን ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጥልቅ እንቅልፍ፣ ቀላል እንቅልፍና ሙሉ ሥራ የሚባሉ ሁኔታዎች አሉት፤ የተሰካው ዕቃ ሁሉ እነዚህን ሁኔታዎች ይከተላል። ካርድ አንባቢው ሞተር ስላለው የሚስበው ኃይል ከሞጁል ጋር አይወዳደርም። ከዚህ ሁሉ በኋላ መሰኪያው ራሱ ሱቅ ገብተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። በ3ዲ ፕሪንተር ቀፎ አውጥቶ፣ የሚለጠጥ የብረት ምላስ ቆርጦ፣ እየሞከሩ ማስተካከል ነው። እነዚህ ሁሉ ዕቃዎች ተጨምረው ካልኩሌተሩ በአንዲት የመደመር ስሌት እንኳ የተሻለ አይሆንም።

በዚህ መንገድ የሄዱ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ማየት ጠቃሚ ነው። 41ሲኤል የሚባለው ቦርድ የ41ን ፕሮሰሰር በአዲስ ይተካል፤ መሰኪያዎቹም ይሠራሉ። ግን መሰኪያውን፣ ኪቦርዱንና ቀፎውን እንደ አዲስ አልፈጠራቸውም፤ ነባሩ 41 ተከፍቶ ቦርዱ እዚያው ውስጥ ይገባል። የስዊሱ ስዊስማይክሮስ ኩባንያ በ2020 ያወጣው ዲኤም41ኤክስ ደግሞ የ41ን ማይክሮኮድ በአዲስ አርም ቺፕ ላይ ያሠራል። መሰኪያ የለውም፤ ሞጁል እንደ ፋይል ይጫንበታል። ሁለቱም ለታችኛው ደረጃ ታማኝ መሆን የሚከፈልበትን ዋጋ አውቀውታል። አንዱ ነባሩን ቀፎ ተጠቀመ፣ ሌላው መሰኪያውን ተወ። አዲስ ቀፎ ላይ አሮጌ መሰኪያ ማውጣት ከሁለቱም የከበደ መንገድ ነው።

ፋብሪካው ራሱም ይህን ውሳኔ ወስኗል። በ1988 የወጣው ኤችፒ-42ኤስ የ41ን የፕሮግራም ቋንቋ ይዞ መሰኪያዎቹን ግን ትቷል። ካልኩሌተሩ አነሰ፣ ቀለለ፣ ቁጥሩም ከ10 ወደ 12 አሃዝ ከፍ አለ። ተጠቃሚዎች በ42ኤስ ላይ ያነሱት እውነተኛ ቅሬታ ግን ነበር፤ ፕሮግራም የሚገባበት በር አልነበረውም። ወደ ፕሪንተር የሚልክ የኢንፍራሬድ መብራት ብቻ ነበረው፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ሁሉ በጣት መተየብ ነበረበት። ከትምህርቱ የምወስደው ይህን ነው፤ የጎደለው አሮጌው መሰኪያ ሳይሆን መግቢያ በር ነበር። በ2017 የወጣው ዲኤም42 ያንኑ ቋንቋ ይዞ ዩኤስቢ ሲጨምርበት የ42ኤስ ትልቁ ጉድለት ተሞላ። እናንተም ቦርዳችሁ ላይ ዩኤስቢ አውጡ፤ የመሰኪያ ጥያቄው በዚሁ ይዘጋል።

የማይክሮኮዱን ደረጃ ማቆየት የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ኤችፒ-12ሲ ከ1981 ጀምሮ ቁልፎቹ ሳይነኩ ይሸጣል። በ2008 ውስጡ በአርም ቺፕ ሲተካ አዲሱ ቺፕ አሮጌውን ማይክሮኮድ እያስመሰለ እንዲሠራ ተደረገ። የፋይናንስ ሰዎች ጣታቸው ቁልፎቹን ለምዷል፤ ማሽኑም ለፈተና የተፈቀደ ነው፤ ምንም የሚሰካበት የለም። እዚያ ላይ አዲስ ዲዛይን ትርፍ አልነበረውም። በ2003 የወጣው ኤችፒ 49ጂ ፕላስም «ሳተርን» የሚባለውን የቀድሞ ፕሮሰሰር በ75 ሜጋኸርትዝ አርም ላይ እያስመሰለ ነው የወጣው፤ ዓመታት የፈጀውን ሶፍትዌር ከነሕይወቱ ለማሻገር ሌላ አማራጭ አልነበረም።

ፕሮሰሰሩን ማቆየት ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ካልኩሌተሮች ያሳያሉ። ቲአይ-84 ፕላስ በዜድ80 ፕሮሰሰር ነበር። በ2015 የወጣው ቲአይ-84 ፕላስ ሲኢ በኢዜድ80 ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ቺፖች ናቸው። ነገር ግን ስክሪኑ ከ96 በ64 ጥቁርና ነጭ ነጥብ ወደ 320 በ240 ባለ ቀለም ተቀየረ። በቀጥታ በማሽኑ ቋንቋ ተጽፈው ስክሪኑን በእጃቸው ይሥሉ የነበሩ ጌሞች እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። በቤዚክ የተጻፉት ቀላል የስሌት ፕሮግራሞች ግን በአብዛኛው ተሻገሩ። ከሃርድዌሩ ርቆ የተጻፈ ነገር ዕድሜው ይረዝማል፤ የአባትዎ ፕሮግራሞችም የዚህ ዓይነት ናቸው።

አሁን ወደ ጓደኞችዎ ልምጣ። ቀያሽ ማዕዘን የሚመዘግበው በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ነው። 41 ይህን በአንድ ቁጥር ይቀበላል፤ 37 ዲግሪ ከ25 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ 37.2530 ተብሎ ይገባና መለወጫ ትእዛዙ 37.425 ያደርገዋል። የመስመሩ ርዝመት 125.40 ሜትር ከሆነ ወደ ሰሜን 99.59፣ ወደ ምሥራቅ 76.21 ሜትር ይወጣል። የአባትዎ የትራቨርስ (ተከታታይ የመሬት መስመሮች ቅየሳ) ፕሮግራም ይህንኑ ስሌት በየመስመሩ እየደጋገመ የሚደምር ነው የሚሆነው።

ይህን መለወጫ በሲ ቋንቋ መጻፍ የደቂቃዎች ሥራ ይመስላል። ሙሉ ቁጥሩን ወስዶ ዲግሪ ማድረግ፣ ቀሪውን በ100 አባዝቶ ሙሉውን ክፍል ደቂቃ ማድረግ፣ የተረፈውን እንደገና በ100 አባዝቶ ሰከንድ ማድረግ ነው። 37.2530 ሲያስገቡ ልክ ይመጣል፤ ጓደኞችዎም «ሠራ» ብለው ያልፋሉ። አሁን 37.30 ያስገቡ። 37 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው፤ መልሱ 37.5 መሆን አለበት። ሲ ቋንቋ «ደብል» በሚለው የሁለትዮሽ ቁጥር ግን 37.3 በትክክል አይጻፍም። 37 ሲቀነስለት የሚቀረው 0.29999999999999716 ነው። በ100 ሲባዛ ከ30 በትንሹ ያነሰ ይሆንና ሙሉው ክፍል 29 ደቂቃ ይሆናል። የተረፈው በ100 ሲባዛ ወደ 100 ሰከንድ ይጠጋል። 29 ደቂቃ ከ100 ሰከንድ ደግሞ 30 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። የ40 ሰከንድ ስህተት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስታል። ስክሪኑ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ ወሰን ድንጋዩ ግን ሌላ ሰው መሬት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

41 ላይ ይህ አይደርስም። 56ቱን ቢት በአራት በአራት ከፍሎ 14 የአስርዮሽ አሃዝ ያደርጋቸዋል፤ 1 ለምልክት፣ 10 ለቁጥሩ፣ 1 ለኃይሉ ምልክት፣ 2 ለኃይሉ። 37.3 የሚቀመጠው 3፣ 7፣ 3 ተብሎ ነው፤ የሚጎድል ነገር የለም። «እኛም ትንሽ ማጠጋጊያ እንጨምርበታለን» እንዳትሉ። ያንን ማጠጋጊያ በሌላ ሃያ ቦታ ትፈልጉታላችሁ፤ አንዱን ትረሱታላችሁ። በአስርዮሽ የሚያሰላ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተጻፈ ኮድ) ተጠቀሙ። የ42ኤስን ቋንቋ እንደገና ጽፎ ያቀረበው ፍሪ42 የሚባለው ሶፍትዌር በሁለትዮሽም በአስርዮሽም ይገኛል፤ አስርዮሹ እስከ 34 አሃዝ ይይዛል። ዲኤም42 ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ምንጩ ክፍት ነው፤ ካልኩሌተሩን ለሌላ ሰው የምትሰጡ ወይም የምትሸጡ ከሆነ ግን ፈቃዱ ያሻሻላችሁትን ኮድም እንድትሰጡ ያስገድዳችኋል።

የአሃዝ መብዛትም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይታለፍም። በ41 ላይ 1ን ለ3 አካፍለው በ3 ቢያባዙ 0.9999999999 ይመጣል። በ34 አሃዝ ማሽን ዘጠኞቹ ስክሪኑ ከሚያሳየው ያልፋሉና 1 ሆኖ ይታያል። ለተራ ስሌት ለውጥ የለውም። ነገር ግን የቀድሞው መልስና የአሁኑ እኩል እስኪሆኑ የሚዞር ፕሮግራም ካለ፣ በ10 አሃዝ ቶሎ ይቆም የነበረው በ34 አሃዝ ረጅም ሊዞር፣ አንዳንዴም ላይቆም ይችላል። እንዲህ ያለ ዙር ካገኛችሁ ከንጽጽሩ በፊት ቁጥሩን የሚያጠጋጋ ትእዛዝ አስገቡ። ሌላውን አትንኩ።

ስታኩም እንደዚሁ። 41 አራት እርከን ያለው ስታክ አለው፤ ስሌት ተሠርቶ ስታኩ ሲወርድ የላይኛው እርከን ቁጥር ራሱን እየተካ ይቀራል። የቆዩ ተጠቃሚዎች ቋሚ ቁጥር አራቱንም እርከን ሞልተው ደጋግመው ለማባዛት ይጠቀሙበታል። «አራት እርከን ያንሳል፣ ስምንት እናድርገው» የሚል ሐሳብ ከጓደኞችዎ ቢመጣ አይገርመኝም፤ ለአዲስ ሥራ ጥሩ ነው። ለአሮጌ ፕሮግራም ግን ከላይ የሚወርደው ቁጥር ሌላ ይሆንና የተሳሳተ መልስ በጸጥታ ይወጣል። ስምንት ከፈለጋችሁ በምርጫ የሚበራ ይሁን፤ ማሽኑ ሲነሣ አራት ላይ ይነሣ።

የአባትዎን ማሽን በተመለከተ የምሰጠው ምክር ከቦርዱ ሥራ ይቀድማል፤ እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ምትክ የለውም። የኋላ ማጥፊያ ቁልፏን ተጭነው ማሽኑን እንዳያበሩ፤ ሜሞሪው በሙሉ ይጠፋል። ባትሪውን ሲቀይሩ አዲሶቹን አዘጋጅተው፣ ማሽኑን አጥፍተው፣ ቶሎ ይቀይሩ፤ ያለ ባትሪ ሜሞሪውን የሚይዘው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ሞጁል ሲነቅሉም ሲሰኩም ማሽኑ መጥፋት አለበት። ፕሮግራሞቹን ካወጡ በኋላ ባትሪ ውስጡ ትተው መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡት፤ የሚያፈስ ድንጋይ የመገናኛ ብረቶቹን ይበላል። ለማየት ብቻ ብለው ቀፎውን አይክፈቱ፤ የብሎን መያዣ የፕላስቲክ ምሰሶዎቹ በዕድሜ ይሰነጠቃሉ፤ እነሱ ከተሰበሩ ቦርዱ ከኪቦርዱ ጋር በደንብ አይገጥምም።

ፕሮግራሞቹን ማውጣት ከሚያስቡት ይቀላል። 41ሲቪ 319 ሪጅስተር አለው፤ እያንዳንዱ 7 ባይት ነው። ሁሉም በፕሮግራም ቢሞላ እንኳ ከ2233 ባይት አይበልጥም። ካታሎግ 1 የፕሮግራሞቹን ስም ያሳይዎታል። በፕሮግራም ሁነታ አንድ አንድ መስመር እያለፉ በስልክዎ ይቅረጹት፣ ከዚያ ይተይቡት፤ ቢበዛ የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው። አባትዎ ለቁልፎች የሰጧቸው የራሳቸው ምደባዎችም አይዘንጉ። ዩዘር ሁነታ ላይ አንዱን ቁልፍ ተጭነው ቢይዙት የተሰጠው ስም ይታያል፤ «ነል» እስኪል ከያዙት ትእዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል። ምናልባት የእሳቸው የሥራ ልማድ ከፕሮግራሙ ይልቅ እዚህ ውስጥ ይገኛል፤ የትኛውን ስሌት የት ቁልፍ ላይ ማድረግ እንደመረጡ።

የቅየሳ ሞጁሉን ለማዳን ሲባል መሰኪያ መሥራት አያስፈልግም። ከእንዲህ ዓይነት የሙያ ሞጁሎች አብዛኞቹ የተጻፉት አባትዎ በተጠቀሙበት በዚያው የተጠቃሚ ቋንቋ ነው። 41 ውስጥ ከሞጁል ወደ ዋናው ሜሞሪ ፕሮግራም የሚቀዳ ትእዛዝ አለ፤ በሜሞሪው ልክ አንዱን ቀድተው ዝርዝሩን አንብበው ሌላውን ይቀጥላሉ። አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነው። ሌላው ሞጁል፣ ኤክስቴንድድ ፋንክሽንስ፣ ይለያል፤ የተጻፈው በማይክሮኮድ ነው። የፊደል ማቀነባበሪያ ትእዛዞቹ 42ኤስ ውስጥም ፍሪ42 ውስጥም ገብተዋል፤ በተጨማሪ ሜሞሪ ላይ ፋይል የሚከፍቱትና የሚያስቀምጡት ግን የሉም። የአባትዎ ፕሮግራሞች እነዚያን የሚጠሩ ከሆነ በተራ ሪጅስተር መተካት ይኖርባቸዋል። የቦርዳችሁን ፋይሎች ለሌሎች ስታጋሩ ደግሞ ከሮም ወይም ከሞጁል የተቀዳ ይዘት አብሮ አይውጣ፤ የቅጂ መብት አለው።

የተተየበውን ዝርዝር መጀመሪያ ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ላይ በጫኑት ፍሪ42 ይሞክሩት፤ ዝርዝሩን ገልብጦ መለጠፍ ይቀበላል። ከአባትዎ የመስክ ደብተር አንድ የተዘጋ ትራቨርስ (ወደ ተነሣበት ነጥብ የሚመለስ) ወስደው በአሮጌው ማሽንና በፍሪ42 ያስሉትና መልሶቹን ያስተያዩ። አንዲት ቆርቆሮ ሳትቀልጥ የፕሮግራሞቹ ጉዳይ አለቀ ማለት ነው። ቦርዱን በዚህ ጊዜ መሥራት ለደስታና ለጥሩ ቁልፎች ይሆናል፤ እነዚያም ለመሥራት በቂ ምክንያቶች ናቸው።

በቦርዱ ላይ ብዙ አልልም። ኃይል ቆጣቢ ቺፕ ምረጡ፤ ኤስቲኤም32ኤል4 ለዚህ የተሠራ ነው፤ ዲኤም42ም የሚጠቀመው ከዚያ ቤተሰብ ነው። አርፒ2040 የሚባለው ቺፕ ርካሽና ምቹ ነው፣ ለመጀመሪያ ሙከራም ይሆናል፤ በእንቅልፍ ሰዓት የሚበላው ግን ለኪስ ካልኩሌተር ይበዛል። ሒሳቡን ተመልከቱ፦ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ሲአር2032 ባትሪ 1 ሚሊአምፔር ሁልጊዜ ቢሳብበት በ9 ቀን ያልቃል። 10 ማይክሮአምፔር ቢሳብበት ግን ከሁለት ዓመት በላይ ይቆያል። እኔ ብሆን ሁለት የሪሞት ድንጋይ እጠቀማለሁ፤ በየሱቁ አለ፣ አቅሙም ይበልጣል። ቺፑ እስከ 1.8 ቮልት ድረስ ስለሚሠራ ድንጋዩ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ያገለግላል። ስክሪን ስትገዙ የሻርፕ ሜሞሪ ስክሪኖች አንዳንዶቹ 5 ቮልት እንደሚፈልጉ አስተውሉ። ምስሉ ባይቀየርም የምልክት አቅጣጫውን በየጊዜው መገልበጥ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ስክሪኑ ይጎዳል። ይህ ማለት ቺፑ ተኝቶም ቢሆን ያንን ምት የሚሰጥ ነገር ንቁ መሆን አለበት ማለት ነው። ለ40 ቁልፍ 8 በ5 መረብ 13 የቺፕ እግር ይበቃዋል። ሺፍት እንደ ቅድመ ቁልፍ ተጭኖ የሚለቀቅ ከሆነ ሁለት ቁልፍ አብሮ ስለማይጫን ዳዮድ አያስፈልግም።

ምክሬን የሚቀይር አንድ ነገር አለ። 41 ላይ ፋብሪካው ያላሰባቸውን የባይት ጥምረቶች እየፈጠሩ የውስጥ ሪጅስተሮችን በቀጥታ የሚነኩ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ «ሲንተቲክ ፕሮግራሚንግ» ይባል ነበር። የፊደል ሪጅስተሩ ክፍሎች ኤም፣ ኤን እና ኦ እንደ ተጨማሪ ማስቀመጫ ያገለግሉ ነበር። በአባትዎ ዝርዝር ውስጥ ቁጥር በሌለው እንዲህ ባለ ፊደል ላይ የሚያስቀምጥ ወይም ከእሱ የሚያነሣ መስመር ካዩ፣ ፍሪ42 ያንን አይሠራም። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ በተራ ሪጅስተር ይተኩት፤ ፕሮግራሙ በሙሉ በዚያ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ማይክሮኮዱን የሚያስመስል ማሽን ነው የሚያስፈልግዎት። እንደዚያ ከሆነም መሰኪያ አይጨምሩ፤ ሞጁሉ ፋይል ይሁን።

ለፋብሪካ ቦርድ ከማዘዛችሁ በፊት ሦስት ነገር በዳቦ ቦርድ (ያለ ብየዳ መሞከሪያ ሰሌዳ) ላይ ይለፍ። 37.30 በትክክል 37.5 ይሁን። በስታኩ አራት እርከን ላይ 2 ሞልታችሁ አስር ጊዜ ስታባዙ 2048 ይምጣ። የአባትዎ ትራቨርስ መዝጊያ ስህተትም አሮጌው ማሽን ከሰጠው ጋር እስከ ሚሊ ሜትር ይግጠም። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ቦርዱን አትዘዙ፤ ችግሩ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነውና እዚያው ፈልጉት።